ቁምሳጥኑ ቆመ፣ ጎታው ጎደለ

ጥር ሲገባ በወረታ አስፋልት ላይ ሁለት ጭነት ይተላለፋል። ከሜዳው ወደ ከተማ የሚመጣው ሩዝ ነው፤ ገና ያልተፈለፈለ፣ በማዳበሪያ ታስሮ በጋሪና በአይሱዙ ወደ መፈልፈያው የሚገባ። ከከተማ ወደ ሜዳው የሚወርደው ቁምሳጥን ነው፤ መስታወቱ እንዳይሰበር በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ተጠፍሮ፣ አንድ ጎረምሳ ከጎኑ ቆሞ ደግፎት። ሙሽራ ልትገባ ነው።

ሁለቱ ጭነቶች አይተዋወቁም። ነገር ግን አንደኛው የሌላኛው ዋጋ ነው። ሩዙ የሄደው ቁምሳጥኑን ሊያመጣ ነው። ክረምት ሲገባ ያው ቤት እህል ፍለጋ ወደ ወረታ ይመለሳል። ያን ጊዜ ቁምሳጥኑን መልሶ በሩዝ የሚለውጥ ነጋዴ የለም።

ስለ ቤት አያያዝና ስለ ቁጠባ የሚሰጠው ምክር ሁሉ መነሳት የነበረበት ከዚህ ነው። የሚነሳው ግን ከሌላ ቦታ ነው።

ቁጠባ በግዢ ሲጀመር

ቴሌቪዥኑም ቲክቶኩም ቤት ማስተካከልን ማስተማር ከጀመረ ቆይቷል። ትምህርቱ ይታወቃል፤ ክዳን ያለው የላስቲክ ሳጥን ይገዛ፣ መስቀያው አንድ ዓይነት ይሁን፣ መሳቢያው በመከፋፈያ ይለይ፣ ጫማው መደርደሪያ ይኑረው። ርዕሱ «ወጪ ቆጣቢ ዘዴ» ይላል፤ የመጀመሪያው እርምጃ ግን ሁልጊዜ ወደ ሱቅ ነው። ገንዘብ በማውጣት የሚጀምር ምክር ሻጭ ያገኘ ምክር እንጂ ቁጠባ አይደለም።

ይህ ፋሽን ዓለምን ያዞረችው ጃፓናዊቷ ማሪ ኮንዶ ናት። ልብስን አንድ በአንድ አንስቶ «ደስታ ይሰጠኛል ወይ?» ብሎ መጠየቅ፣ ካልሰጠ ማሰናበት ነው ዘዴዋ። ቤቱ በዕቃ ለታነቀበት ሰው ጥሩ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ ግን እሷም ቤቷን እንደ ቀድሞው ማስተካከል እንደተወች በ2015 በይፋ ተናግራለች። መምህሯ የተወችውን ትምህርት ሁለት ቀሚስና አንድ ነጠላ ላላት የናቤጋ እናት ማስተማር ምን ይባላል? ሁለት ቀሚስ ያላት ሴት የቱን ታሰናብት?

ትምህርቱን ከውጭ ማስመጣት ቀርቶ፣ አማርኛ ራሱ ቁምሳጥኑን ከፋፍሎ ከጨረሰ ዘመን የለውም። «የክት» እና «የአዘቦት» ይላል። ክት ማለት የሚከተት ነው፤ ከተተ ከሚለው የመጣ። ልብሱ ከየት እንደሚቀመጥ በስሙ ተነግሯል። የአዘቦቱ በገመድ ላይ ይንጠለጠላል፤ የክቱ ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ በወይራ ታጥኖ ሳጥን ይገባል፤ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ፣ ለሠርግና ለለቅሶ ይወጣል። ያረጀውም ቢሆን መንገዱ የታወቀ ነው፤ ጋቢ ሲሳሳ የሕፃን መጠቅለያ ይሆናል፣ መጠቅለያው ሲቀደድ ከሌላው ጋር ተጣጥፎ ድሪቶ ይሆናል፣ ድሪቶው ሲበጣጠስ ጨርቁ ለምጣድ ማሰሻ ይተርፋል። በዚህ ቤት የሚጣል ልብስ የለም። እንዲህ ያለችውን ሴት «መቆጠብ ተማሪ» ማለት ዓሣን ዋና ለማስተማር መነሳት ነው።

እንግዲህ የፎገራ ቤት የሚጎድለው በልብስ አያያዝ አይደለም። የሚጎድለው በጎታው በኩል ነው።

የአንድ ወር ገቢ፣ የ12 ወር ቤት

ሩዝ ለፎገራ የጥንት እህል አይደለም። በደርግ ዘመን በጅግናና በሻጋ ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ነው ሥር የያዘው፤ እስከ ዛሬ የሚዘራው «ኤክስ ጅግና» ስሙን የወሰደው ከዚያው መንደር ነው። ርብና ጉማራ እየሞሉ ሌላ እህል የማያበቅሉትን ረግረግ፣ ሩዝ ወደ ሀብት ለወጠው። የሩዝ ጠላ፣ ሩዝ ከጤፍ የተደባለቀበት እንጀራ፣ ለከብቱ የሩዝ ገለባ፣ ከሩዙ በኋላ በቀረችው እርጥበት የሚዘራ ጓያ... ሜዳው ከአንድ እህል ብዙ ነገር ማውጣት ችሏል።

ግን ሩዝ ሌላ ነገርም ይዞ መጣ፤ በዓመት አንድ ጊዜ እጅ የሚሞላ ጥሬ ብር። አጨዳው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያጭዳል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ስለዚህ ሁሉም በርካሽ ይሸጣል። በመስኖ የሚለማው ሽንኩርትም ጠባዩ ያው ነው፤ አንድ ሰሞን ይጥለቀለቃል፣ ዋጋው ይወድቃል። ቤት ማስተዳደር ማለት በዚህ አገር የአንድ ወር ገቢን ለ12 ወር ማብቃቃት ነው። ይህን ሒሳብ የትኛውም የመሳቢያ መከፋፈያ አያስተካክለውም።

አሁን የሠርጉ ወቅት ይታይ። ጥር ነው፤ ልክ ከአጨዳው በኋላ። ድሮ ይህ ብልህነት ነበር፤ እህል ሲኖር ይደገሳል። ዛሬ ግን ሠርጉ ድግስ ብቻ አይደለም፤ አልጋ፣ ሶፋ፣ ቡፌና ባለ መስታወት ቁምሳጥን የግድ ሆኗል። ስለዚህ ትልቁ የቤት ዕቃ የሚገዛው፣ ሩዙ በዓመቱ ውስጥ ዋጋ ባጣበት ሰሞን ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ቤት ለቁምሳጥን አራት ኩንታል ሸጠ እንበል። ዋጋው እስከ ክረምት በሩብ ብቻ ቢጨምር፣ ያው ገንዘብ በሐምሌ ከሦስት ኩንታል ከ20 ኪሎ ሽያጭ ይገኝ ነበር። 80 ኪሎ እህል በከንቱ ሄደ። ይህ እንግዲህ ዋጋው በሩብ ብቻ ቢጨምር ነው። 80 ኪሎ ለአንድ ጎጆ ስንት ቀን ቀለብ እንደሆነ ለገበሬ አይነገረውም። ያን ሁሉ ቀን ቁምሳጥኑ ቆሞ ያያል፤ አይበላ፣ አይወልድ፣ አይታለብ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት ለዚህ ካልሆነ ለምን ተተረተ?

ውኃ የሚያውቀው ቤት

ሌላም አለ። ፎገራ ውኃ የሚገባበት ሜዳ ነው። በ1998 ክረምት ጣና ዙሪያ በደረሰው ጎርፍ በዚህ ሜዳ ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል፤ ከዚያ ወዲህም ርብና ጉማራ ዳርቻቸውን ጥሰው ቤት የሚገቡበት ክረምት ብርቅ አይደለም። ዛሬ በገበያው የሚበዛው ርካሽ ቁምሳጥን ደግሞ ቺፑድ ነው፤ የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጣብቆ የተሠራ። አንድ ሌሊት ውኃ ከነካው እግሩ ያብጣል፣ ይላጣል፣ በሩ አልዘጋ ይላል። ደረቅ ቤት ታስቦ የተሠራ ዕቃ በእርጥብ ሜዳ ላይ ተተከለ። ከግድግዳ ተጠግቶ ስለሚቆምም ጀርባው ይሻግታል፣ የክት ልብሱም አብሮ።

ገመዱ፣ ቆጡና ሳጥኑ ግን ከዚህ ሜዳ ጋር ተስማምተው የኖሩ ናቸው። ገመድ ውኃ አይደርስበትም። ቆጥ ከወለል ከፍ ያለ ነው። ሳጥን ሁለት ሰው አንስቶ ቆጥ ላይ ያወጣዋል፣ ሲብስም ይዞት ይሄዳል። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው፣ ተነስቶ የሚሄድ ዕቃና ተተክሎ የሚቀር ዕቃ ልዩነታቸው ምን እንደሆነ ማስረጃ አይፈልግም። መንገድ ሲዘጋም ቤትን የሚያሻግረው የተከተተው እህል ነው።

«ብር ከማስቀመጥ ዕቃ ይሻላል»

ክርክር አለ፤ ደካማ ክርክርም አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ብር በእጅ መያዝ እንደ በረዶ መያዝ ሆኗል ይላል። ስለዚህ ዛሬ ቁምሳጥን የገዛ ነገ በእጥፍ ከሚገዛው ይሻላል። ብር ስለሚሟሟው እውነት ነው። ግን ብር ይሟሟል ከተባለ መልሱ በብር የማይለካ ነገር መያዝ ነው፤ ሩዝም እኮ ዕቃ ነው! ማዳበሪያው ውስጥ ያለው ኩንታል ከኑሮ ውድነቱ ጋር አብሮ ይወደዳል። ጊደርም አብራ ትወደዳለች፤ በዚያ ላይ ትወልዳለች። በወተቷ የታወቀች የፎገራ ላም ባለችበት አገር፣ የሩዝ ገለባ በየአውድማው በተከመረበት አገር፣ ሀብትን በቺፑድ ማስቀመጥ ምን ዓይነት ብልሃት ነው? ቁምሳጥን ከሱቅ በወጣ ማግስት አሮጌ ዕቃ ነው።

ሁለተኛው ክርክር የክብር ነው። «ልጄ ከማን ታንሳለች?» ይላል አባት። የሚናቅ ጥያቄ አይደለም፤ እናቷ ያላገኘችውን ልጅቱ ብታገኝ ማን ይጠላል? ግን ክብሯ የት ነው ያለው? ለልጃቸው የሚሰጡት በስሟ የምትቆጠር አንዲት ጊደር ብትሆን፣ ባሏ ሊሸጣት ሲያስብ መጠየቅ ያለበት ሴት ትሆናለች። ቁምሳጥኑ የሚሰጣት መስታወት ነው።

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉ ይከብዳል። ገበሬው በታኅሣሥ የሚሸጠው ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፣ ግብር አለ፣ መዋጮ አለ፣ የልጅ ትምህርት አለ። ልክ ነው። ዕዳ ያስገደደው ሽያጭ ከአባካኝነት አይቆጠርም። ነገር ግን ዕዳው የግድ ከሆነ ከዕዳው በላይ የሚሸጠው የውድ ነው። ወቀሳው ያለው እዚያ ላይ ነው።

ማን ይመከር?

የቁጠባ ስብከት ሁሉ ፊቱን ያዞረው ወደ ሴቶች ነው። በየስብሰባው «እናቶች ቆጥቡ» ይባላል። ነገር ግን ገበያ ወርዶ ሩዙን የሚያስመዝን፣ ሽንኩርቱን ለደላላ የሚቆርጥ፣ ብሩን ቆጥሮ ኪሱ የሚከት በብዙው ቤት ባል ነው። ሚስት የምታስተዳድረው ከኪሱ ተርፎ የደረሳትን ነው። ከዚያ ውስጥ ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ደብተር ታብቃቃለች፤ እድርም እቁብም ትከፍላለች። የቤተሰብ ሕጉ የጋራ ንብረትን ባልና ሚስት በእኩልነት ያስተዳድሩ ይላል። ታኅሣሥ ላይ አውድማው ጫፍ ቆማ «ይህ አይሸጥም» ማለት የማትችል ሴት ሕጉ ገና ቤቷ አልደረሰም። ምክር ካለ ብሩ ላለበት ኪስ ይሰጥ።

ምን ይደረግ ለሚል፣ የማያስወጣው ይቅደም።

አንደኛ፣ እህሉ አውድማ ላይ ሳለ፣ ደላላ ሳይደርስ፣ ባልና ሚስት ሆነው ይክፈሉት፤ ዘር፣ የክረምት ቀለብ፣ ዕዳ፣ ሽያጭ። መጀመሪያ የሚታሰረው የክረምቱ ይሁን። የክት ልብስ እንዳለ ሁሉ የክት እህል ይኑር።

ሁለተኛ፣ በታኅሣሥ የዕዳው ልክ ብቻ ይሸጥ። የቀረው መጋቢትንና ሰኔን ይጠብቅ። ሩዝ በደንብ ደርቆ ሳይፈለፈል ከተቀመጠ ይቆያል፤ ተፈልፍሎ ከተቀመጠ ግን ነቀዝ ይቀድማል። ውስጡ ሁለት ላስቲክ ያለው፣ አየር የማያስገባው «ፒክስ» ከረጢትም ያለ መድኃኒት ነቀዙን አፍኖ ይገድላል። ሳጥን መግዛት ያማረው ይህን ይግዛ።

ሦስተኛ፣ ልብሱ። ከወራጁ በሁለት ገመድ የተንጠለጠለ የቀርከሃ ዘንግ የጎጆውን ልብስ ሁሉ ይሸከማል፤ ታጥቦ የደረቀ ማዳበሪያ ከላይ ከለበሰ አቧራና ጥላሸት አያገኘውም። ለክቱ እግር ያለው የእንጨት ሳጥን፣ ከሰፈር አናጢ። ሰኔ ሳይገባ ሁሉም ፀሐይ ይምታው። ልጅ ያደገበት ልብስ ሳይውል ሳያድር ለታናሹ ይውረድ፤ ሰልባጅ «ርካሽ ነው» ተብሎ የሚገዛው የወረደው ልብስ ሲረሳ ነው።

አራተኛው የቤተሰብ ሥራ አይደለም። ለማዳበሪያ የሚያበድሩ ማኅበራትና ባንኮች መጋዘን በገባ ሩዝ ላይ ለምን አያበድሩም? ኒጀር ይህን የጀመረችው ከሃያ ዓመት በፊት ነው። የገበሬዎች ማኅበር እህሉን መጋዘን ያስገባል፤ በሩ ሁለት ቁልፍ አለው፣ አንዱ በአበዳሪው፣ ሌላው በማኅበሩ እጅ። ገበሬው ብድሩን ወስዶ ዕዳውን ይከፍላል፤ ዋጋ ሲወጣ እህሉን ሸጦ ብድሩን ይመልሳል። በወረታ ሩዝ መፈልፈያ ሞልቷል፤ ነጋዴው መጋዘን አለው፤ የሩዝ ምርምር ማዕከልም እዚያው ተቋቁሟል። ያልተሠራው ለገበሬው ስድስት ወር የሚሰጠው ቁልፍ ነው። ይህን ሳይሠሩ «ቆጥቡ» እያሉ መስበክ፣ የታኅሣሥን ትርፍ ለነጋዴ አስረክቦ የሐምሌን ረሃብ በሴቲቱ ማሳበብ ነው።

ቁምሳጥን ኃጢአት አይደለም። ጎታው ሞልቶ ከተረፈ ይገዛ፤ በሰኔ ይገዛ፤ ሩዙ ዋጋ ባወጣ ጊዜ ይገዛ። ነገር ግን መጪው ጥር ላይ በወረታ አስፋልት ሁለቱ ጭነቶች ሲተላለፉ፣ አማችም ሽማግሌም ሙሽራውም አንድ ነገር ይጠይቁ፤ ይህ የተጠቀለለው መስታወት ነሐሴ ላይ የሚያሳየው ምንድን ነው? የሞላ ቤት ነው ወይስ ባዶ ጎታ?