ምክሩ ለየትኛው እንግዳ ነው?

ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ የሚመጣው እንግዳ ማን ነው? ለጉባኤ ከባሕር ማዶ የተጋበዘው ፕሮፌሰር ብቻ ነው? ልጁን ሊያስመርቅ ከደሴ የተነሣው አባት፣ ለማስተርስ መግቢያ ፈተና ከአርባ ምንጭ የመጣችው መምህርት፣ የቆየ ሰነድ ፍለጋ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ደጅ የሚጠናው ጸሐፊስ እንግዳ አይባሉም? ይባላሉ ካልን፣ ዩኒቨርሲቲውን ለሚጎበኙ እየተባለ ከጉባኤ ግብዣ ጋር የሚላከውና በጉዞ መጻሕፍት የሚታተመው ምክር ለምን ፕሮፌሰሩን ብቻ ያናግራል?

ምክሩን እናውቀዋለን። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ መኪና ይጠብቅዎታል፤ ቦሌ አካባቢ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ያርፋሉ፤ ማታ የባህል ምግብ ቤት ገብተው ክትፎ እየበሉ እስክስታ ያያሉ፤ ጊዜ ከተረፈዎት እንጦጦ ይወጣሉ። ከዚህ ውስጥ ሐሰት የሆነ ነገር የለም። ግን ከግቢው ኪሎ ሜትሮች ርቆ የሚያድር፣ ከግቢው ርቆ የሚበላ፣ ሰፈሩንም በመኪና መስኮት ብቻ የሚያይ ሰው ዩኒቨርሲቲውን ጎበኘ ይባላል? ከአገር ውስጥ ለሚመጣውና ቦሌን ለማያውቀው ብዙ ሰውስ ይህ ምክር ምን ይጠቅመዋል?

ከሁሉ አስቀድሞ መመለስ ያለበት «የትኛው ግቢ?» የሚለው ጥያቄ አይደለም? በ1943 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቤቱ አራት ኪሎ ነበር። ምሕንድስናው አምስት ኪሎ፣ የሕንፃ ኮሌጁ ልደታ፣ ሁሉም በየሰፈሩ ሥራውን ጀምሮ ነበር። በ1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ስም ሲሰባሰቡ ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዋና ግቢነት ሰጡ። ስሙ አንድ ሆነ፤ ግቢው ግን እንደተበተነ ቀረ። ዛሬም የሕክምና ተማሪ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ፣ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ደግሞ ቢሾፍቱ ነው። «ልጄ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው» ብሎ የመጣ አባት ስድስት ኪሎ ቢወርድና ልጁ ልደታ ቢጠብቀው ጥፋቱ የማን ነው? የግቢዎቹን ስምና የሚወረድበትን ቦታ በአንድ ወረቀት ጽፎ ለተማሪው ቤተሰብ መስጠት ምን ያህል ይከብዳል?

መንገዱስ ለምን ሁልጊዜ ከቦሌ ይጀምራል? አብዛኛው ወላጅ ከአውሮፕላን አይወርድም። የሚወርደው አውቶቡስ ተራ፣ ላምበረት፣ ቃሊቲ፣ አስኮ ወይም አየር ጤና መናኸሪያ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሻንጣና ጆንያ ይዞ፣ ሲመሽ። ለእሱ የሚያስፈልገው ምክር አጭር ነው፦ መጀመሪያ አራት ኪሎ የሚያደርስ ታክሲ ወይም አውቶቡስ ይያዙ፤ ከዚያ ረዳቱ «ሽሮ ሜዳ!» ብሎ የሚጠራው ሚኒባስ በአምስት ኪሎ በኩል ስድስት ኪሎን ያልፋልና «ስድስት ኪሎ ወራጅ አለ» ይበሉ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ስድስት ኪሎ አይደርስም፤ ካርታ አይቶ በባቡሩ ተስፋ የሚያደርግ እንግዳ ይህን ቀድሞ ማወቅ የለበትም? በስልክ የሚጠራ የራይድ ወይም የፈረስ መኪና ለሚይዘውስ በየትኛው በር እንደሚወርድ የሚነግረው ማን ነው? ከአራት ኪሎ በእግር መሄድም ይቻላል፤ መንገዱ ከሁለት ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ድንቅነሽ ያለችበት ብሔራዊ ሙዚየምም በዚያው መንገድ ላይ ነው። መንገዱ ግን ዳገት ነው፤ ስፍራውም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል። ከቆላ ለመጡ ሽማግሌ «ቅርብ ነው፣ በእግርዎ ይሂዱ» ማለት ምክር ነው?

ሰዓቱስ? «ጉባኤው በ3፡00 ይጀመራል» የሚል ደብዳቤ የደረሰው የውጭ እንግዳ ጠዋቱን ተኝቶ አሳልፎ ከምሳ በኋላ ቢመጣ ይፈረድበታል? ቀኑንም ሰዓቱንም በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ የግማሽ መስመር ሥራ ነው።

አሁን በሩ ላይ ቆም ብለን እንይ። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ አላባራም። አንዲት እናት ነጠላዋን ተከናንባ፣ በአንድ እጇ ጃንጥላ፣ በሌላው በፌስታል የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ይዛለች። ጥበቃው «እናቴ፣ መታወቂያ» ይላታል። መታወቂያዋን ባረፈችበት ዘመድ ቤት ትታዋለች። «ልጄ እዚህ ነው የሚማረው፤ ጥራልኝ» ትላለች፤ የልጇ ስልክ ዝግ ነው። ሰው ከኋላዋ ይገፋል፤ ዳቦው ይረጥባል። ጥበቃው ጥፋተኛ ነው? አይደለም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው። በሺህ የሚቆጠር ተማሪ የሚኖርበት ግቢ በር ላይ ፍተሻ መኖሩም ተገቢ ነው። መታወቂያ እንደሚያስፈልግ፣ ላፕቶፕ የያዘ ሰው ማስመዝገብ እንዳለበት ወይም እንደሌለበት፣ ጎብኚ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ልጁ ካልመጣ ማን እንደሚጠራለት ለዚች እናት ከቤቷ ሳትወጣ የነገራት አለ ወይ? ዝናብ የምትጠለልበት ወንበርስ? ከሰኔ እስከ መስከረም እንደሚዘንብ፣ ምረቃም በአብዛኛው በዚሁ ወቅት እንደሚውል ድንገት የደረሰብን ነገር ነው?

ማደሪያውን እንመልከት። ለአንድ ወር ሰነድ ሊያነብ የመጣ ተመራማሪ በየቀኑ ከቦሌ እየተመላለሰ መንገድ ላይ የሚያጠፋውን ሰዓት ማን ይመልስለታል? አራት ኪሎ፣ ፒያሳና ሽሮ ሜዳ አካባቢ ፔንሲዮንና ጌስት ሐውስ አይገኝም? ይገኛል። ስለነሱ የተጻፈው ግን ምን ያህሉ ዛሬም እውነት ነው? ጣይቱ ሆቴል በ2007 ዓ.ም. በእሳት ተጎድቷል፤ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ፈርሰዋል፤ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የድሮ ዋጋ ሁሉ ተለውጧል። ከዚያ በፊት የታተመ የማደሪያ ዝርዝር እንግዳን ወደ ፈረሰ በር ቢመራው ጠቀመው ይባላል?

ለእንግዳው የሚበጀው ከስም ዝርዝር ይልቅ ምን እንደሚጠይቅ ማወቅ ነው። ዋጋው ለክፍሉ ነው ወይስ ለአንድ ሰው? ሂሳቡ በብር ነው ወይስ በዶላር? ሙቅ ውኃ በየትኛው ሰዓት ይመጣል? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ? በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? ግርጌው መጠጥ ቤት ነው? ይህን የመጨረሻውን ብቻዋን ለምትጓዝ ሴትና ነገ ፈተና ላለበት ሰው የሚነግረው ማን ነው? ክፍሉን ሳያዩ አይክፈሉ፤ ደረሰኝ ይጠይቁ፤ ለምረቃ ሰሞን ከሳምንታት በፊት ይያዙ።

ዩኒቨርሲቲውንም በቀጥታ መጠየቅ ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአገሪቱ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ራስ ገዝነት ደግሞ የራስን ገቢ መፈለግን ይጨምራል። ተማሪ ዕረፍት በሚወጣበት ወቅት ባዶ የሚሆን መኝታ ካለ፣ ፍራሹን አጽድቶ ለወላጅና ለተመራማሪ በተመጣጣኝ ዋጋ ማከራየት ገቢ አይሆንም? ጥበቃ ያስቸግራል የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። ተመዝግቦ፣ መታወቂያ አስይዞ የሚያድር ወላጅ ከተማሪ በምን ይበልጥ ያስቸግራል?

ምግቡስ? ምክሩ ክትፎ ይላል፤ ረቡዕና ዓርብስ? ዐቢይ ጾም ላይስ? ጾም በሚበዛበት አገር ሥጋ የማይበላ የውጭ እንግዳ እንደሚታደል የሚነግረው ለምን ታጣ? «የጾም አለ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃዋል፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ በአንድ እንጀራ ላይ በያይነቱ ይቀርብለታል። ሙስሊሙ አባትስ የሙስሊም ምግብ ቤት የት እንዳለ የሚጠይቀው ማንን ነው? ስኳር ያለባት እናት ምሳዋን በሰዓቱ የምታገኘው የት ነው? የተማሪው ካፌ ለተማሪ ነው፤ ላውንጁስ ጎብኚ ያስተናግዳል? ተማሪ የሚበላባቸው ትንንሽ ቤቶች ከግቢው ውጭ አሉ። ወላጅ ልጁን «የምትበላበት ውሰደኝ» ቢለው በርካሽ ይጠግባል፣ የልጁንም ኑሮ ያያል፤ ለባህል ምግብ ቤት ከሚወጣው ገንዘብ ይህ አይሻልም? ከማዘዝ በፊት ዋጋ መጠየቅ ነውር አይደለም። አብዛኛው ቤት በቴሌብር ይቀበላል፤ የአገር ውስጥ ሂሳብ የሌለው እንግዳ ግን ጥሬ ብር ይያዝ።

ከሁሉ የሚቆረቁረው ጥያቄ የመጨረሻው ነው። ወላጁ በሩን አልፎ ሲገባ የቆመበትን ቦታ የሚነግረው አለ? የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም በፋሺስት ጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ ነው። ከዚያ በኋላ ጣሊያኖች ለጨፈጨፉት ሕዝብ የቆመው የሰማዕታት ሐውልት ከበሩ ፊት ለፊት አደባባዩ ላይ ነው። በቤተ መንግሥቱ ፊት ጣሊያኖች የገነቡት ጠመዝማዛ ደረጃ ዛሬም አለ፤ እያንዳንዱ እርከን የፋሺስት አገዛዝን አንድ ዓመት እንዲያስቆጥር የተሠራ ነው። ከድል በኋላ ጫፉ ላይ አንበሳ ወጣበት። ውስጡ ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት የሚታይበት ሙዚየም ነው። ይህን የውጭው እንግዳ ከመጽሐፉ ያነበዋል። ቅድመ አያቱ በዚያ የካቲት የሞተበት ገበሬ ግን የልጁን ፎቶ በደረጃው ፊት አንሥቶ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ቢመለስ ማፈር ያለበት ማን ነው? ሙዚየሙ ዛሬ ክፍት ነው? መግቢያው ስንት ነው? ለተመራቂ ቤተሰብ ለአንድ ሳምንት በነፃ ቢከፈት ምን ይጎድላል?

የምንጠይቀው አዲስ ሕንፃ አይደለም። ግቢዎቹን፣ በሮቹን፣ ታክሲውን፣ መታወቂያውን፣ በቅርብ የታዩ ማደሪያዎችን፣ የጾምና የሙስሊም ምግብ ቤቶችን፣ ሙዚየሙንና አንድ የሚነሣ ስልክ ቁጥር የያዘ አንድ ገጽ ነው። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በእንግሊዝኛ ይጻፍ፤ በየዓመቱ ይታደስ፤ የወጣበት ቀን ይታይበት። ይህን ለማዘጋጀት ቋንቋውም ምሁሩም በግቢው ውስጥ ሞልቷል። የዩኒቨርሲቲው ኃላፊዎች ሆይ፣ የዘንድሮ ተመራቂ ወላጆች ከቤታቸው ከመነሣታቸው በፊት ይህ ገጽ በልጆቻቸው እጅ ይድረስ፤ በየበሩም ይለጠፍ።