መርዙ የሚገድለው የትኛውን ውሻ ነው?

በአዲስ አበባ ስለ ጎዳና ውሻ አፉን የከፈተ ሰው የሚጠብቀው መልስ የታወቀ ነው፤ «ሰው እየተራበ ለውሻ?» ይባላል። አባባሉ ተናጋሪውን ርኅሩኅ ያስመስለዋል፤ ይሁንና ብዙውን ጊዜ እጁ ለተራበውም ሰው ሲዘረጋ አላየንም። ለማንኛውም እኔ ዛሬ ስለ ርኅራኄ ልሟገት አልተነሣሁም፤ ሙግቴ ስለ ሰው ጤና ነው። ውሻን በመርዝ መፍጀት የእብድ ውሻን በሽታ አያጠፋም፤ እንዲያውም ዕድሜውን ያራዝምለታል ባይ ነኝ።

በመጀመሪያ ከተቃዋሚዎቼ ጋር የምስማማበትን ላስቀምጥ። በሽታው አስፈሪ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ከመቶው ዘጠና ዘጠኙም የሚያዘው ከውሻ ነው። አብዷል ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። በልጅነቱ «ፓስተር» ተወስዶ በየቀኑ ሆዱን ሲወጋ የሰነበተ ሰው፣ ያንን መርፌ ዛሬም ሲያነሣ ፊቱ ይጨማደዳል። ስለዚህ ልጁን ከውሻ በሚያርቅ ወላጅ አልስቅም።

መፍትሔ ተብሎ የኖረው ግን ምንድን ነው? ሌሊት በየጥጋጥጉ የሚጣል፣ ስትሪክኒን የተነከረ ሥጋ! በ1999 ዓ.ም. ክረምት ከተማዋ ለሚሊኒየሙ በዓል ሽር ጉድ ስትል ውሾቿን በመርዝ ልታስወግድ መሆኗን የውጭ የዜና ወኪሎች ሳይቀሩ አውርተውታል። (ስትሪክኒን ምን እንደሚያደርግ ለማያውቅ፦ ጡንቻን ሁሉ ያኮማትራል፤ እንስሳው ነፍሱን እያወቀ መተንፈስ ተስኖት ይሞታል።) በዓሉ መጣ፣ ሄደ። ውሻውም በሽታውም አሉ።

ለምን አይኖሩ? የጎዳና ውሻን ጎዳና ላይ ያቆየው ምግቡ ነው። ከሥጋ ቤት ደጃፍ አጥንት አለ፣ ከሆቴል ጓሮ ትርፍራፊ አለ፣ ከነፈው ሞልቶ የፈሰሰ የቆሻሻ ገንዳ አለ። አንድ ሠፈር ዛሬ ሌሊት ከውሻ ቢጸዳ፣ ገንዳው ባለበት ስለሚቆይ የጎረቤት ሠፈር ውሻ ይወርሰዋል። የጎደለውን ደግሞ እኛው እንሞላለን። ወንዱን ቡችላ መርጦ አስቀርቶ ሴቶቹን በካርቶን ጠቅልሎ ወንዝ ዳር የሚጥለው ማን ሆነና ነው? ያው ጠዋት ተነሥቶ «ውሻ በዛ» እያለ የሚያማርረው ባለ ግቢ አይደለም እንዴ?

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን መርዙ የሚመርጠው ውሻ ነው። ከሠፈሬ ሁለት ፌርማታ ርቃ ባለች አነስተኛ መናፈሻ ጠዋት ጠዋት በእግሬ እዞራለሁ። እዚያ አንዲት ጆሮዋ የተቀደደ ቡናማ ውሻ ነበረች። መጀመሪያ ሃያ እርምጃ ርቃ ትከተለኝ ነበር፤ ዳቦ ስወረውርላት እኔ ዞር እስክል ትጠብቃለች። ወር ሲሞላ አሥር እርምጃ ሆነ። ክረምቱ ሲወጣ አፍንጫዋን መዳፌ ላይ አሳረፈች። ለካስ ወዳጇ እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ የበር ጥበቃው ጋሼ «ደፋር» ይሏታል፣ ነጠላቸውን አጣፍተው የሚዞሩት እትዬ «ቡቺ» ይሏታል፣ እሷም ለሁሉም አቤት ትላለች። አንድ የእንስሳት ሐኪም ለምነን መጣልን። እትዬ አንገቷን አቅፈው «አይዞሽ የኔ ልጅ» ሲሏት ተወጋች፤ ከሁለት ደቂቃ በላይ አልፈጀም። ከመናፈሻው ውሾች ክትባት ያገኘችው እሷ ብቻ ናት፤ ሌሎቹ ሦስቱ ሰው አያስጠጉምና።

ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት ከአግዳሚ ወንበሩ ሥር ደርቃ አገኘናት። ከሰው እጅ የመጣ ሥጋ አይታ ለምን ትጠራጠር? እኛ አስተምረናታል። ሰው የማያስጠጉት ሦስቱ፣ ያልተከተቡት፣ አጥሩ ሥር ቆመው ያዩን ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ይህ የአንዲት መናፈሻ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በኢንዶኔዥያዋ የባሊ ደሴት በሽታው በ2008 እ.ኤ.አ. ሲገባ ባለ ሥልጣናቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ውሾች ገደሉ፤ የተከተቡትም አብረው አለቁ፤ በሽታው ግን ደሴቱን አዳረሰ። መቀነስ የጀመረው ክትባቱ በደሴቱ ሙሉ በዘመቻ ከተሰጠ በኋላ ነው። ሜክሲኮ ደግሞ ውሾቿን በየዓመቱ በዘመቻ ስትከትብ ኖራ፣ ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፈውን በሽታ ማስወገዷን የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. መሰከረላት፤ ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። ድርጅቱ የሚለው ግልጽ ነው፤ ከመቶ ውሻ ሰባው ከተከተበ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። እኛም አገር ቢሆን በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮን ደጋግሞ የፈጀው ከሰው ውሻ የተጋባው ይኸው በሽታ ነው፤ ያ እንስሳ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 ባይበልጥ ነው።

«ውሻ ርኩስ ነው» የሚል ክርክር የሚያነሡም አሉ። ጦብያ ለሩቅ መንገድ ሲነሣ ውሻው ተከትሎት እንደነበር መጽሐፉ ሲጽፍ ግን አላፈረበትም። ይህን ለሊቃውንቱ ልተወው።

ሰባውን ከመቶ ማን ይይዘዋል? ጥያቄው ይህ ነው። የክትባቱ ሠራተኛ መርፌውን ይዞ ቢመጣ ውሻው ይሸሸዋል፤ የሚያስጠጋው የሚያውቀውን ሰው ብቻ ነው። ጠዋት ዳቦ የሚወረውሩት፣ ጥበቃዎቹ፣ ባለ ጉሊቶቹ፣ የየመንደሩን ውሻ በስም የሚጠሩት ሕፃናት ወላጆች ሁሉ ለዚህ ሥራ አሉ፤ ማንም አልጠየቃቸውም እንጂ። ለሥጋውና ለመርዙ የሚወጣው ገንዘብ ለክትባት ይዋል። ወረዳው ቀኑን ቀድሞ ያስታውቅ፤ የተከተበው ውሻ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርለት፤ ገንዳው በየቀኑ ይነሣ። የእኛን መናፈሻ ሦስቱን ውሾች በተመለከተ እትዬ ሥራ ጀምረዋል፤ አንደኛው አሥራ አምስት እርምጃ ላይ ደርሷል።