ሌሊት የማይዘጋ ሱቅም ጠባቂ ያሻዋል

ነጋዴ ማታ መዝጊያውን ቆልፎ ወደ ቤቱ ሲገባ ገበያውም አብሮት ያድር ነበር። ዛሬ በአሶሳም ሆነ በአዲስ አበባ በቴሌግራም የሚሸጥ ነጋዴ ዕቃውን፣ ዋጋውንና የአከፋፈሉን መንገድ አንድ ጊዜ ካሰናዳ በኋላ፣ ለጠያቂው መልስ የሚሰጠውና ትእዛዝ የሚቀበለው ቦት የተባለው ፕሮግራም ነው። ገዢው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቢመጣም በሩን ክፍት ያገኘዋል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ. ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ለመክፈል ባንክ እስኪከፈት መጠበቅ ቀርቷል።

ጥቅሙ የታወቀ ስለሆነ ብዙ መናገር አያሻም። ቸል የተባለው ግን አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በራሱ የሚሸጥ ሱቅ ራሱን የማይጠብቅ መሆኑ ነው።

ለዚህ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ. ም. የሆነው በቂ ምስክር ነው። በዚያን ቀን ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ፤ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላርም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በመደብሩ የቆመ ነጋዴ ወሬውን ሲሰማ ዋጋ ከመናገር ሊቆጠብ ይችላል። ቦት ግን ወሬ አይሰማም፤ ቀድሞ በተጻፈለት ዋጋ ሌሊቱን ሙሉ «እሺ» ሲል ያድራል። ሲነጋ አስመጪው ወይ በኪሳራ ማስረከብ፣ ወይ ከከፈለ ሰው ጋር መጣላት ይጠብቀዋል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ስለ ሰጠ፣ «እሺ ያለው ቦቱ ነው» ማለት ለባለቤቱ መልካም ሰበብ አይሆንለትም።

በአሶሳ ነገሩ ይብሳል። አንድ የማንጎ ነጋዴ ለአዲስ አበባ ደንበኞች ትእዛዝ የሚቀበል ቦት ቢያቆም፣ ቦቱ የማንጎው ወራት ማለፉን ሳያውቅ በክረምትም «አለ» ይላል። መንገዱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በወለጋ በኩል የሚያልፈው መስመርም ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ምክንያት ደጋግሞ ተቋርጧል። መኪና ባልተንቀሳቀሰበት ሳምንት «በ3 ቀን እናደርሳለን» የሚለው መልስ ውሸት ነው፤ ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ በስሙ ይዋሽለታል። በጾሬና በአሶሳ ገበያ አማርኛ፣ የበርታ ቋንቋና ዓረብኛ ይሰማሉ፤ በአንዱ ብቻ የሚመልስ ሱቅ ከደጁ የሚመልሳቸውን ሰዎች አይቈጥራቸውም። የሰዓቱም ነገር ቀላል አይደለም። ነጋዴው «እስከ ማታ 2 ሰዓት» ሲል ፕሮግራሙ በአውሮፓ አቈጣጠር ከተረዳው፣ ቅናሹ ከታሰበው ጊዜ 6 ሰዓት ዘግይቶ ያበቃል።

«ለዛሬ ብቻ» እያሉ ያንኑ ቅናሽ በየማለዳው ማውጣት ግን ከስሕተት አይቈጠርም፤ ማታለል ነው። በ2006 ዓ. ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል። አዋጁ ባይኖርስ? አሶሳ ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ «የመጨረሻው ቀን ነው» ተብሎ ተጣድፎ የገዛው ሰው፣ ጎረቤቱ በሳምንቱ በዚያው ዋጋ መግዛቱን ቡና ላይ ይሰማል።

ስለዚህ ባለሱቁ ወይም የሚታመን ሠራተኛው በየሳምንቱ በሌላ ስልክ እንደ ገዢ ሆኖ ይግባ፤ ከማስታወቂያው ጀምሮ እስከ ክፍያው ድረስ ይሂድበት። 100 ሰው ተመልክቶ፣ 20 ዋጋ ጠይቆ፣ 2 ብቻ ቢከፍሉ፣ አሥራ ስምንቱ የቀሩት በየትኛው ቃል ላይ እንደሆነ ይመርምር። የማድረሻውን ዋጋ ሲሰሙ ከሆነ ማስታወቂያ መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው። ክፍያንም በተላከ ፎቶ አይመን፤ ፎቶ ይሠራልና። የክፍያውን ቍጥር ከራሱ ሒሳብ ጋር ሳያመሳክር ዕቃ አያውጣ።

ከሁሉ ይልቅ ግን የቦቱ ዝርዝር ከመጋዘኑ መዝገብ ጋር አንድ ይሁን፤ የመጨረሻው ሣጥን ሲሸጥም ትእዛዝ መቀበሉ ይቁም። በሩ ክፍት እንደሆነ ይቆይ፤ የሚመጣውን ደንበኛ ግን «የዘንድሮው ማንጎ አልቋል፤ ስልክዎን ቢተዉልን የሚመጣው ዓመት ፍሬ ሲደርስ እናስታውቅዎታለን» የሚል ቃል ይቀበለው።