የሐይቅ ዳር አፈር ምን ይናገራል?

ይህ ጋዜጣችን ስለ ምግብ ቤቱ፣ ስለ መኝታ ቤቱና ስለ ፈተናው ብዙ ጽፏል፤ መልካም ነው። ዛሬ ግን ከእግራችን በታች ስላለው አፈር ጥቂት ላመለክት እወዳለሁ።

ማታ ማታ ሐይቅ ዳር ስንንሸራሸር ውኃው ከጥንት ጀምሮ በዚሁ ልክ የኖረ ይመስለናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ከእኛ በስተሰሜን ያሉት ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት አንድ ታላቅ ሐይቅ ነበሩ፤ ውኃውም ከዛሬው የሻላ ወለል ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ኋላ ዝናቡ ሲያንስ ተለያዩ። ይህን የነገረን የብራና መጽሐፍ አይደለም፤ ዛሬ በደረቅ ሜዳ ላይ የሚገኘው የሐይቅ ደለልና የቀንድ አውጣ ቅርፊት ነው።

አፈር የራሱ ንባብ አለው። የሥር ምልክት ያለበት ጠቆር ያለ ንብርብር ዝናብና ሣር የነበረበትን ዘመን ያመለክታል፤ ነጭ የኖራ እንክብል የበዛበት ደግሞ ደረቁን ዘመን። በመካከሉ ነፋስ ተሸክሞ ያራገፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ሲገኝ ዕድሜው በላቦራቶሪ ይለካል። ከዝዋይ ሐይቅ በስተምዕራብ በጋደሞታ፣ በጥንታዊ አፈርና በአመድ መካከል የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች ከ276,000 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላቸው የታወቀው በዚህ ዘዴ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በጨው ባሕር ወደ 290 ሜትር ጥልቀት ተቆፍሮ የወጣው ደለልም የ620,000 ዓመት ገደማ የዝናብና የድርቅ መዝገብ ሆኗል።

አንድ ጓደኛዬ «ለተራበ ሕዝብ የጥንት አፈር ምን ይረባዋል?» ይለኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በአብዛኛው አገራችን የዝናብ መለኪያ መዝገብ የአንድ ሰው ዕድሜ አይሞላም፤ ግድብና መስኖ የምናቅደው ግን ለልጅ ልጆቻችን ነው። ጣና እንኳ ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር የመሰከረው ከግርጌው የወጣው ደለል ነው። ድርቅ እስከ ምን ሊከፋ እንደሚችል ያልመረመረ ሰው እቅዱን በጥቂት ደግ ዓመታት ላይ ይገነባል።

ደግሞም የሰማዩን ሥራ ከእጃችን ሥራ ለመለየት የጥንቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ቅርባችን ያለው ጨለለቃ በአባቶቻችን ዘመን ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ረግረግ ነው። ደኑ ከተመነጠረው ኮረብታ ታጥቦ የመጣው አፈር ሞላው። ይህን በሰማይ ማሳበብ አይቻልም።

ስለዚህ መምህሮቻችንን በአክብሮት የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። በከተማችን ለሕንፃ መሠረት ወይም ለጉድጓድ መሬት በተቆፈረ ቁጥር፣ ሲሚንቶ ሳይፈስበት ተማሪዎች ወርደው ንብርብሩን ይለኩ፣ ይሳሉ፤ ከየንብርብሩ አንዳንድ እፍኝ አፈር ወስደው ቦታውንና ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡ። ለመጀመሪያው አንድ መደርደሪያ ይበቃል። የተቃጠለ መጽሐፍ ምናልባት ሌላ ቅጂ ይገኝለት ይሆናል፤ ተቆፍሮ የተደፋ አፈር ግን ቅጂ የለውም።