ማረፊያው ሲዛወር ጩኸቱ ወዴት ይሄዳል?

በካርቱም ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ለመሄድ ከከተማ መውጣት አያስፈልግም። መጣሩ ከተማው መሀል ተቀምጧል። ከዴም ወደ ምሥራቅ የአማራትን ሠፈር አቋርጦ የሄደ ሰው ሻሪዕ አል መጣር ላይ ይደርሳል፤ ከመንገዱ ማዶ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወዲያ ማኮብኮቢያው ነው። ድሮ ሲሠራ ቦታው የከተማ ዳር ነበር። ቤቶቹ ኋላ መጥተው ከበቡት። ማኮብኮቢያው ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ በመሆኑ እኛ ዴሞች ከጎኑ ነን፤ የቡሪ ሰዎች ከእኛ የባሰ ይሰማሉ። ቢሆንም መምህሩ ንግግሩን አቋርጦ ድምፁ እስኪያልፍ የጠበቀበትን ጊዜ የማያስታውስ ተማሪ ያለን አይመስለንም።

ማረፊያውን መጥላት ግን አንችልም። ከጎንደር በመተማ በኩል በአውቶቡስ የመጣው ወገናችን ብዙ ነው። ሆኖም የታመመ ሰው፣ ለቀብር መድረስ ያለበት ሰው፣ በአገሩ አፈር ይረፍ የተባለ ሬሳ የሚሄደው በአውሮፕላን ነው። በመጋቢት 2020 ሱዳን በኮሮና ምክንያት አየር ማረፊያዎቿን ስትዘጋ ሰማዩ ጸጥ አለ። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የአዋጆቹ ብቻ በእኛ ነው።) ጸጥታው ለጆሮ ዕረፍት ነበር፤ እናቱ አገር ቤት ለታመመችበት ሰው ግን ከጩኸቱ ይልቅ ጸጥታው ከበደው። ስለዚህ አውሮፕላን ይቅር አንልም። የምንለው ሌላ ነው፤ ማረፊያ ሲሠራና ሲያድግ ጉዳቱ ማን ላይ እንደሚወድቅ አስቀድሞ ይታሰብ፣ የታሰበውም በሕግ ይጠበቅ ነው።

ነገሩ ለእኛ በሁለት በኩል ቅርብ ነው። የሱዳን መንግሥት ከኦምዱርማን መሀል ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዲስ ማረፊያ ለመሥራት ካቀደ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ እስካሁን ግን የምንሄድበት የድሮው ነው። አገር ቤት ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በጥር 2020 በቢሾፍቱ አካባቢ በ35 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ፣ በዓመት 100 ሚሊዮን መንገደኛ የሚያስተናግድ ማረፊያ ሊሠራ ማሰቡን አስታውቋል። ወጪው ያኔ 5 ቢሊዮን ዶላር ተብሎ ነበር። የቦሌ ተርሚናል በጥር 2019 ተስፋፍቶ ለ22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲበቃ ከተደረገ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ይህን ስንሰማ ኮራን፤ የማይኮራም የለም። በሚያዝያ 1946 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ በመብረር ሥራ የጀመረ አየር መንገድ እዚህ መድረሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ቢሾፍቱ የተመረጠበት ምክንያትም አለው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ይላል። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፍ የሚያነሣው ክብደት ይቀንሳል፣ ሞተሩም ኃይል ያጣል፤ ረጅም መንገድ የሚሄድ አውሮፕላን የሚጭነውን መቀነስ ይኖርበታል። ቢሾፍቱ 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚል ተመሳሳዩ አውሮፕላን የበለጠ ጭኖ ይነሣል። (ካርቱም ከ400 ሜትር በታች ናት፤ እዚህ አየሩን የሚያሳሳው የሰኔ ሙቀት ነው። የፊዚክስ ተማሪዎቻችን ለምን እንደሆነ ለወላጆቻቸው ያስረዱ።) ስለዚህ አዲስ ማረፊያ ያስፈልጋል የሚለውን ሐሳብ አንቃወምም።

የሚያሳስበን አንድ ነገር ነው። ማረፊያን ማዛወር ጉዳቱን ማጥፋት አይደለም። በጀርመን አገር የሙኒክ ከተማ በግንቦት 1992 የድሮ ማረፊያዋን ዘግታ ራቅ ብሎ የተሠራውን አዲሱን ከፈተች። ተመራማሪዎች በሁለቱም ማረፊያዎች አቅራቢያ የሚማሩ ልጆችን ከመዛወሩ በፊትም በኋላም ፈተኗቸው። አሮጌው ከተዘጋ በኋላ በአጠገቡ የነበሩት ልጆች የማንበብና የማስታወስ ችሎታ ተሻሻለ። በአዲሱ አጠገብ ያሉት ደግሞ ወደ ኋላ ቀሩ። በለንደን፣ በአምስተርዳምና በማድሪድ ማረፊያዎች ዙሪያ የተደረገና በ2005 የታተመ ጥናትም የአውሮፕላን ጩኸት የበዛባቸው ትምህርት ቤቶች ልጆች አንብቦ በመረዳት እንደሚያንሱ አሳይቷል። የእኛ መምህራን ያለ ጥናትም ያውቁታል፤ ነገር ግን በቁጥር የተጻፈ ነገር በባለሥልጣን ፊት ይከብዳል።

የአዲስ አበባም ታሪክ ይህንኑ ይናገራል። ከቦሌ በፊት አውሮፕላን የሚያርፈው ልደታ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጄት ዘመን ሲመጣ ማኮብኮቢያው አልበቃ ስላለ ማረፊያው ቦሌ ወረደ፤ አሮጌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚለው ስም ለሠፈሩ ቀረ። ቦሌ ያኔ ሜዳ ነበር። ዛሬ የሚያውቀው ሰው ሜዳ ነበር ሲባል ይስቃል፤ ገርጂ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም፣ ፎቁ፣ ሆቴሉ ሁሉ ከቦታው ገጥሟል። ካርቱምም እንዲሁ ነች። ማረፊያ ሥራ ያመጣል፣ መንገድ ያመጣል፣ ሰው ሥራና መንገድ ወዳለበት ይሄዳል። ከልካይ ሕግ ከሌለ ቢሾፍቱ ላይ የሚሠራውም ከ30 ዓመት በኋላ መሀል ከተማ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሦስተኛ ማረፊያ ሊፈለግ ነው።

አደጋውም አለ። በሰኔ 2008 ካርቱም ላይ በአንድ ወር ሁለት ጊዜ አየነው። በ10ኛው ቀን ከማኮብኮቢያው ያለፈ መንገደኛ አውሮፕላን በእሳት ተቃጥሎ 30 ሰዎች ሞቱ። በ30ኛው ቀን ደግሞ አንድ የጭነት አውሮፕላን እንደተነሣ ሠፈር አጠገብ ባለ ባዶ መሬት ላይ ወድቆ አራቱም ሠራተኞቹ አለቁ። ያ መሬት ባዶ ባይሆን ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል መናገር አያስፈልግም። ባዶ መሬት የባከነ መሬት የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ቢያስቡ ጥሩ ነው።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ2001 የአውሮፕላን ድምፅን ለመቀነስ አራት መንገዶች በአንድነት እንዲታዩ ወስኗል፤ ጸጥ ያለ አውሮፕላን መጠቀም፣ በማረፊያው ዙሪያ ያለውን መሬት በዕቅድ መያዝ፣ አውሮፕላኑ የሚነሣበትንና የሚያርፍበትን መንገድ ማስተካከል፣ በመጨረሻም በረራን በሰዓት መገደብ። የእኛ አየር መንገድ በመጀመሪያው ላይ አልሰነፈም። በነሐሴ 2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ድሪምላይነር ከቀደመው ቦይንግ 767 በ20 በመቶ ያነሰ ነዳጅ ያቃጥላል፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። ሁለተኛውን ግን አየር መንገድ ብቻውን አይሠራውም። የማዘጋጃ ቤት፣ የክልልና የፌዴራል መንግሥት ሥራ ነው፤ ከአራቱ ርካሹም እሱ ነው፣ በጊዜው ከተሠራ። ቤት ከተሠራ በኋላ ግን ከሁሉም ውድ ይሆናል።

መሬቱ ደግሞ ባዶ አይደለም። ቢሾፍቱ የአድአ አገር ነው፤ የአድአ ማኛ ጤፍ እንኳን አገር ቤት፣ እዚህ ጤፍ ሲወደድ በማሽላ የሚጋግሩ እናቶቻችን ዘንድ ስሙ የተጠራ ነው። 35 ካሬ ኪሎ ሜትር 3,500 ሄክታር ነው። የአንድ ገበሬ መሬት ብዙ ጊዜ ከአንድ ሄክታር ብዙም የማይበልጥ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ስንት ቤተሰብ እንደሚነካ ራሱ ያስላ። በቀድሞው ሕግ መሬቱን ለዘለቄታው የለቀቀ ገበሬ ካሣው በዓመታዊ ገቢው 10 እጥፍ ይታሰብ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ወደ 15 አሳድጎታል። መሻሻል ነው፤ እንቀበለዋለን። ይሁን እንጂ የ15 ዓመት ገቢ በአንድ ቀን የተቀበለ፣ ከማረስ በቀር ሌላ ሥራ ያልተማረ አባወራ በ16ኛው ዓመት ምን እንደሚበላ አዋጁ አይመልስም። ገንዘቡ ላይ ሙያና መሬት ካልተጨመረ ልጁ በአያቱ ማሳ ላይ ዘበኛ ይሆናል።

እኛ ዴሞች ስለዚህ ለመናገር መብት አለን። ሠፈራችን ራሱ የመዛወር ልጅ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዞች ካርቱምን ሲያሰፉ የድሮዎቹን ዴሞች አፍርሰው ነዋሪውን ወደ አሁኑ ቦታ አመጡት። ከዚያ በኋላ የመጣነው ሐበሾች ያገኘነው ቤት የተፈናቃይ ቤት ነበር።

የአካባቢ ጥበቃ ሲባል ዛፍ መትከል ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። በመስከረም 1988 ከባሕር ዳር የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ሁለቱም ሞተሮቹ እርግብ አስገብተው ወድቆ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞተዋል። ቢሾፍቱ የሐይቅ ከተማ ናት፤ ጨለለቃ ላይ ወፎች ይሰበሰባሉ። ረግረጉን ማድረቅ ወፎቹን አያጠፋቸውም፤ ሌላ ውኃና ሌላ ቆሻሻ ፍለጋ ይሰደዳሉ፤ የሚሰደዱበትም የማኮብኮቢያው ሣር ሊሆን ይችላል። እዚህም ቢሆን በየጥጉ በሚከመረው ቆሻሻ ላይ የሚያንዣብቡት ወፎች የመጣሩ ጎረቤቶች ናቸው። ወፍ የት እንደሚኖር ማጥናት የመንገደኛ ሕይወት መጠበቅ ነው፤ ለወፍ አዘኔታ ብቻ አይደለም።

ሕጉ አለ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የግምገማው ሰነድ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን፣ በተለይም ጉዳቱ የሚደርስባቸው ሰዎች አስተያየት እንዲሰጡበት ያዛል። እኛ የምንጠይቀው ይህ እንዲፈጸም ነው። ሰነዱ በኦሮምኛና በአማርኛ ተጽፎ ቡልዶዘር ከመግባቱ በፊት በየቀበሌው ይነበብ። በሌሊት የሚነሣው በረራ ብዛት በቁጥር ይወሰን። በማኮብኮቢያው ሁለት ጫፎች ቤት የማይሠራበት መሬት ካርታ ላይ ተሰምሮ ለማንም እንዳይሸጥ ይደረግ። አዲሶቹ ትምህርት ቤቶች የሚሠሩበት ቦታም ከማኮብኮቢያው አስቀድሞ ይመረጥ።