ከጓሮ በኩል፦ ዝውውር የማይፈራ ዛፍ

አንባቢዬ ሆይ፤ በኪራይ ቤት የሚኖር ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ በግቢው ዛፍ የማይተክልበትን ምክንያት ሳይጠየቅ ይናገራል። «ነገ ብዛወርስ? የተከልሁትን ማን ሊበላው ነው?» ይላል። ስለ አቮካዶ ከሆነ እውነቱን ነው፤ ከዘር የበቀለ አቮካዶ ፍሬ እስኪይዝ አምስትና ስድስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስጠብቃል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ ጀማሪ ጸሓፊ ሦስት ወረዳ ሊያዳርስ ይችላል። ፓፓያ ግን እንደዚህ አይደለም። በሚስማማው አገር ችግኙ ከተተከለ ከዘጠኝ ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የበሰለ ፍሬ ይሰጣል። በውነቱ የዕፅዋት ሊቃውንት ፓፓያን ዛፍ ብለው ለመጥራት ያመነታሉ፤ ግንዱ ለስላሳ፣ ውስጡም ባዶ ነውና። ቶሎ ማደጉም ከዚሁ የተነሣ ነው።

በሚስማማው አገር ማለቴን ልብ ይበሉ። በድሬዳዋ፣ በአርባ ምንጭና በአዋሽ ሸለቆ የሚኖሩ አንባቢዎች ምንም ሥጋት የለባቸውም። የአዳማና የሐዋሳ ሰዎችም ቢተክሉ አያፍሩም። አዲስ አበባ ግን 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት ብርዱ አይመቸውም፤ ቅጠሉ አምሮ ቢታይም ፍሬው ሳይጣፍጥ ይቀራል። እዚያ ላሉት ወዳጆቼ ኮክ ይሻላቸዋል።

ዘሩን ለማግኘት ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም፤ ከገበያ የገዙት ጥሩ ፓፓያ ይበቃል። ፍሬዎቹን የሸፈነው የሚያሟልጭ ልባስ ቡቃያውን ያዘገያልና በአመድ አሽተው ይጠቡት፣ በጥላም ያድርቁት። ከዚያ በባዶ ጣሳ አፈርና የተብላላ ፍግ ቀላቅለው፣ ዘሩን አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ቀብረው ውሃ ያጠጡት። ጣሳውን ከሥር መብሳት አይርሱ። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይበቅላል። ቁመቱ አንድ ስንዝር ካለፈ በኋላ ወደ መሬት ይዛወራል፤ ነገር ግን ሥሩ መነካት አይወድምና አፈሩን ሳይበትኑ ከነጓሉ ያውጡት።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ነገር እንምጣ። ፓፓያ ወንዴና ሴቴ አለው። ከሴቴ ዛፍ ከተገኘ ዘር በግምት ግማሹ ወንዴ፣ ግማሹ ሴቴ ይሆናል። አበባ እስኪያወጣ ድረስ ግን ችግኙን አይቶ መለየት አይቻልም። በሥሩ ቅርጽ እንለያለን የሚሉ አሉ፤ አይመኑዋቸው። እንግዲህ አንድ ችግኝ ብቻ የተከለ ሰው ሳንቲም እንደ ወረወረ ይቆጠራል። በአንድ ጉድጓድ ሁለት ቢተክሉ ሁለቱም ወንዴ የመሆናቸው ዕድል ከ4 አንድ ነው፤ ሦስት ቢተክሉ ከ8 አንድ ብቻ ይሆናል። (ተማሪ የሆናችሁ አንባቢዎች በደብተራችሁ አስሉትና አረጋግጡ።) ስለዚህ በየጉድጓዱ ሦስት ሦስት ይትከሉ፤ በጉድጓድና በጉድጓድ መካከል ከሁለት ሜትር በላይ ይተዉ፤ ከዚያ በኋላ መታገሥ ነው።

ከአምስት ወር ገደማ በኋላ አበባው ራሱ ይናገራል። ወንዴው በረዥም የተንጠለጠለ ዘንግ ላይ ብዙ ጥቃቅን አበባ ያወጣል። የሴቴዋ አበባ ተለቅ ያለ ሲሆን ከግንዱ ተጣብቆ ይቀመጣል፤ ከሥሩም ትንሽ ፍሬ የሚመስል እብጠት አለበት። ሦስተኛም ዐይነት አለ፤ ይኸውም ሁለቱን ፆታ በአንድ አበባ የያዘ ነው። የሴቴዋ ፍሬ ክብ ሲሆን የዚህኛው ሞላላ ነው፤ ከገበያ ለዘር ሲመርጡ ሞላላውን ቢመርጡ የተሻለ ነው፤ ወንዴ የመብቀሉ ነገር ይቀንሳልና። እ.ኤ.አ. በ1911 ከባርቤዶስ ወደ ሐዋይ የተወሰደው «ሶሎ» የተባለው ስመ ጥር ዘር ከዚህ ወገን ነው።

ትርፉን ወንዴ ይቁረጡ፤ ሁሉንም ግን አይቁረጡ። አንድ የማውቃቸው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ከአራት ዛፎቻቸው ሁለቱ ወንዴ ሆነው ቢያገኙዋቸው «የማያፈራ ምን ይሠራልኛል!» ብለው በአንድ ጧት ጣሏቸው። በሰፈሩ ሌላ ወንዴ አልነበረም። ሁለቱ ሴቴዎች አበባቸውን እያረገፉ ወራት አለፉ፤ ሰውየውም አፈሩን ወቀሱ። ለዐሥር ሴቴ አንድ ወንዴ ይበቃል፤ ጎረቤት ካለውም የእርሱ ያገለግላል፤ ነፋሱና ነፍሳቱ አጥር አይከለክላቸውም። ሚስማር ቢመቱበት ወንዴው ሴት ይሆናል የሚሉትን ግን ሚስማርዎን ለሌላ ሥራ ያቆዩት።

ሌላው ጠላት ውሃ ነው፤ ማነሱ ሳይሆን መብዛቱ። ሥሩ ሁለት ቀን በቆመ ውሃ ውስጥ ከዋለ ይበሰብሳል፤ ዛፉም ሳይታሰብ ይወድቃል። ብዙ ቤት ፓፓያ የሚተከለው ከማድ ቤቱ እጣቢ መፍሰሻ አጠገብ ነው፤ ያ ቦታ ለእርሱ መቃብር ነው። ጥቁር ዋልካ አፈር ያለው ሰው ከፍ ያለ ደልዳላ ክምር ሠርቶ በላዩ ይትከል፤ ለክረምቱም ውሃ መውረጃ ቦይ ይቅደድ። በበጋ ጊዜ በሳምንት ሁለት ቀን ማጠጣት ይበቃል፤ የአሸዋ አፈር ከሆነ ይጨመራል።

ፍሬው ከጫፉ በኩል ቢጫ መስመር ሲያሳይ ይቁረጡት፤ ወፍ ሳትቀድምዎ። ቤት ውስጥ ጥቂት ቀን ሲቀመጥ ይለሰልሳል። ሲቆርጡ የሚፈሰው ወተት ቆዳን ያሳክካልና እጅዎን ይታጠቡ፤ ዐይንዎንም አይንኩ። ይኸው ወተት «ፓፔይን» የሚባል ሥጋ የሚያለሰልስ ነገር ስላለበት፣ ጥሬ የፓፓያ ቁራሽ ከጠንካራ ሥጋ ጋር ለጥቂት ጊዜ ቢያሽ ማብሰያው ያጥራል፤ ለከሰል ዋጋ የሚያስቡ ላጤዎች ይህን ይሞክሩት። የበሰለውን በሎሚ ይብሉት። ከዝውውሩ ደብዳቤ ቀድሞ ከደረሰልዎ፣ ዘሩን በወረቀት ጠቅልለው ከልብስዎ ጋር በሻንጣ ይክተቱት።