ባቡሩ ዜግነት አይጠይቅም፦ ስለ ኦስቲያ አንቲካ መግቢያ ዋጋ

ከሮም ወደ ኦስቲያ አንቲካ የሚደረገው የአንድ ቀን ጕዞ ለአነስተኛ አቅም የተመቸ ነው። ከፒራሚዴ ሜትሮ ጣቢያ ጎን ካለው ከፖርታ ሳን ፓኦሎ የሚነሣው ባቡር ተጓዡን በተራው የከተማ ትራንስፖርት ቲኬት፣ በግማሽ ሰዓት ያህል፣ የጥንቷ ሮም ወደብ ከነበረችው ከተማ አጠገብ ያደርሰዋል። ከጣቢያው እስከ ፍርስራሹ በር ያለው የጥቂት ደቂቃዎች የእግር መንገድ ነው። ጥያቄዬ የሚነሣው ከዚያ በር ላይ ነው።

በጣሊያን መንግሥት ሥር ባሉ ጥንታዊ ሥፍራዎች ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሁሉ በነጻ ይገባል። ከ18 እስከ 25 ዓመት ያሉ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ደግሞ 2 ዩሮ ብቻ ይከፍላሉ። በኅብረቱ ዩኒቨርሲቲዎች አርኬዎሎጂን የመሳሰሉ ትምህርቶችን ለሚከታተሉም ነጻ መግቢያ ተፈቅዷል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በአዲስ አበባ ወይም በትሪፖሊ ታሪክ የሚያጠና ወጣት፣ በዕድሜም ሆነ በሙያ ከፈረንሳዊው እኩያው ሳይለይ፣ በፓስፖርቱ ምክንያት ሙሉውን ዋጋ ይጠየቃል።

ይህ ልዩነት በየትኛውም ሥፍራ አግባብ አይመስለኝም፤ በኦስቲያ ግን ፍርስራሹ ራሱ ይመሰክርበታል። ከቲያትሩ በስተ ጀርባ ባለው የማኅበራት አደባባይ ዙሪያ የነጋዴዎችና የመርከብ ባለቤቶች ቢሮ እንደነበሩ የሚታመኑ ትናንሽ ክፍሎች ተደርድረዋል። በጥቁርና በነጭ ጠጠር የተሠሩት ሞዛይኮች ካርቴጅን፣ እስክንድርያንና ናርቦንን ይጠቅሳሉ፤ በሊቢያዋ ሳብራታ ስም ሥር ዝሆን ተሥሏል። የሮም ሕዝብ ይመገበው የነበረው እህል አብዛኛው ከሰሜን አፍሪካና ከግብፅ በመርከብ ይመጣ ነበር። ዛሬ ከናርቦን የመጣ ወጣት ያንን ዝሆን በ2 ዩሮ ያያል፤ የሳብራታው ልጅ ግን ሙሉ ዋጋ ይከፍላል።

ለእኛ ነገሩ ሌላም ገጽታ አለው። ከፒራሚዴ አንድ ፌርማታ ብቻ በሚርቀው በቺርኮ ማሲሞ አቅራቢያ የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 2003 ቆሞ ነበር። በ1947 የተፈረመው የሰላም ውል ከኢትዮጵያ የተወሰዱ ቅርሶች በ18 ወራት ውስጥ እንዲመለሱ ቢያዝም፣ ሐውልቱ አገሩ የገባው በ2005 ነው። የሌላውን ሕዝብ ቅርስ ይህን ያህል ዘመን ያቆየ መንግሥት የቅርስን ዋጋ በዜግነት ሲመድብ ጥቂት ሊያመነታ በተገባው ነበር።

የጥገና ወጪ ከባድ መሆኑን አልክድም፤ ክፍያው ይቅር ማለቴም አይደለም። ቅናሹ ለወጣቶች የታሰበ ከሆነ ዕድሜን ለማረጋገጥ የማንኛውም አገር ፓስፖርት ይበቃል።

ደንቡ እስኪሻሻል ድረስ በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ መግቢያው ለሁሉም ነጻ ነው። በማለዳው ባቡር መሄድ ይሻላል፤ ዋናው ጎዳና ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ በ1961 የተገኘው ጥንታዊ ምኵራብም ከባሕር በር ውጭ፣ በቀድሞው የባሕር ዳርቻ አቅጣጫ ነው የሚገኘው።